ሁሉ አማረሽ በስኔልቪል

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። ይህን የተረቱት ሰዎች ነገሩ በደንብ ገብቷቸዋል። ሁሉ ያማራት ሰው ገበያ ከወጣች ገንዘቧ ያልቃል፣ ዘንቢሏም ይሞላል፤ ቤቷ ገብታ ስትዘረግፈው ግን ለአንድ ወጥ የሚበቃ የተሟላ ነገር አይገኝበትም። ተረቱ በሴት አንቀጽ ስለሚነገር ጉዳዩ የሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አመሉ ወንዱንም ሕፃኑንም ይይዛል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለሁሉ አማረሽ አዝነውላት ገበያ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ምግብ ቤት ከፍተውላታል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ዓይነቱ ምግብ ቤት ነው።

ላልገባችሁበት አንባብያን በቅድሚያ አሠራሩን ላስረዳ። በር ላይ ተቀብለው ካስቀመጧችሁ በኋላ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጣችኋል። ሳህናችሁን ይዛችሁ እንደ ቅዳሜ ገበያ ወደ ተደረደረው መደብ ትሄዳላችሁ። በአንድ ወገን በስሱ የተከተፈ የበሬ፣ የዶሮና የአሳማ ሥጋ፣ ሽሪምፕም በጥሬው ተቀምጧል። በሌላ ወገን ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ብሮኮሊ፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ዝኩኒ፣ እንጉዳይ፣ የማሾ ቡቃያ፣ አናናስ ሳይቀር አለ። ቀጥሎ ቅመሙ፣ ከቅመሙም ቀጥሎ በትንንሽ ጭልፋ የሚቀዳው ልዩ ልዩ ሶስ ይመጣል። የፈለጋችሁትን በፈለጋችሁት መጠን ሞልታችሁ ለጠባሾቹ ትሰጣላችሁ። እነሱም ክብና ግዙፍ በሆነ የጋለ ብረት ላይ ዘርግፈው፣ በረዣዥም እንጨት እያገላበጡ በጥቂት ደቂቃ ያበስሉትና ከሩዝ ወይም ከኑድል ጋር ይመልሱላችኋል። ብረቱን ያየ ኢትዮጵያዊ «ምጣድ!» ማለቱ አይቀርም። በእርግጥም አክንባሎ የሌለው፣ ብዙ ሰው ዙሪያውን ሊቆምበት የሚችል ምጣድ ነው።

እኛ ይህን ምግብ የበላነው ስኔልቪል ነው። ከክላርክስተን አካባቢ ተነሥታችሁ በ78 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ፣ ስቶን ማውንቴንን አልፋችሁ ጉዊኔት ካውንቲ ስትገቡ ስኔልቪልን ታገኟታላችሁ። በከተማነት የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ 20 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። ከዲካልብ እየለቀቁ ወደ ጉዊኔት ቤት ገዝተው የገቡ ወገኖቻችን ጥቂት ስላልሆኑ ለብዙዎቻችሁ አገሩ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ የቆየ መፈክር አላት። በኛ ቋንቋ ስንመልሰው፣ ስኔልቪል ውስጥ ተራ ሰው የለም፣ ሁሉም በየራሱ ሰው ነው እንደ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ይዞ ለሚሰለፍበት ምግብ ቤት ከዚህ የተሻለ ከተማ አይገኝለትም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። እንዲህ ዓይነቱ አበሳሰል በብዛት የሚታወቀው «የሞንጎሊያ ጥብስ» በሚል ስም ነው። የጀንጊስ ካን ፈረሰኞች በዘመቻ ላይ ሳሉ ጋሻቸውን እሳት ላይ ጥደው ሥጋ ይጠብሱበት ነበር እየተባለም ይተረካል። ትረካው ያምራል፤ ምግቡ ግን ከሞንጎሊያ አልመጣም። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በታይዋን፣ ታይፔ ከተማ ነው። የጀመረው ዉ ጃውናን የሚባል የቤይጂንግ ሰው ሲሆን፣ የታወቀበት ሙያ ወጥ መሥራት ሳይሆን በመድረክ ላይ ቃል እየተቀባበሉ ሰው የሚያስቁበት የቻይና ቀልድ ነበር። ከቻይና የርስ በርስ ጦርነት በኋላ ታይዋን የቀረው ይህ ሰው ለኑሮው ትንሽ ጥብስ ቤት ከፈተ። ምግቡን በአገሩ በቤይጂንግ ስም ሊጠራው አስቦ ነበር። ነገር ግን ቤይጂንግ የኮሚኒስቶቹ መዲና ሆና ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ስሟን ታይፔ ላይ በሰሌዳ ጽፎ መስቀል ጣጣ ነበረው። ስለዚህ ከፖለቲካው ራቅ ያለ ስም ፈለገና ሞንጎሊያ አለው። ሰውየው በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዐርፏል። ይባስ ብሎ ደግሞ ቢዲስ የሚባለው፣ ሚሺጋን ውስጥ የተጀመረው የአሜሪካ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ቅርንጫፍ ከፈተ። ሞንጎሊያ በስሟ የሚጠራውን ጥብስ ከአሜሪካ ተቀበለች ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ለመሳቅ አይደለም። ካገሩ ርቆ የአገሩን ስም በምግቡ ላይ መጻፍ ያልቻለ ሰው ታሪክ ለኛ ሩቅ አይደለምና። በስደት ያለ ምግብ ስሙንም መልኩንም ይለውጣል። የኛም እንጀራ በዚህ አገር ጤፍ እስኪገኝለት ድረስ ብዙ ዓይነት ዱቄት ቀምሷል። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማብቀል የጀመረው ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም 1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ላይ የተከፈተው ማማ ደስታ ለብዙ አሜሪካውያን በእጅ መብላትን ያስተማረ ቤት ነበር። ዛሬ በየከተማው ባሉት ምግብ ቤቶቻችን «ኮምቢኔሽን» እየተባለ፣ ክትፎው ከዶሮው፣ ዶሮው ከምስሩ አጠገብ ሆኖ በአንድ እንጀራ ላይ የሚቀርበውም አያቶቻችን በዚያ መልኩ የሚያውቁት ገበታ አይደለም። ስለዚህ ይህን የስኔልቪል ምግብ «ሐሰተኛ ሞንጎሊያ ነው» ብዬ አልከስም። የምግብ ቤት ፍርድ መሰጠት ያለበት ከየት መጣህ ተብሎ ሳይሆን፣ የገባኸውን ቃል ጠብቀሃል ወይ ተብሎ ነው። የዚህ ቤት ቃል ደግሞ አንድ ነው። የምትወደውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ራስህ ምረጥ፣ ይጣፍጥሃል ይላል። ለመሆኑ እውነት ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሆነን ሄድን። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አክስታችን፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ የባለቤቴ ወንድምና ሚስቱ ነበርን። የባለቤቴ ወንድም ስኳር አለበት። ሚስቱ የአሳማ ሥጋ ባለበት ዕቃ የበሰለ አትበላም። ወንዱ ልጃችን አትክልት የሚባል ነገር ካየ ፊቱን ያዞራል፤ ሴቷ ደግሞ ሥጋ ከተወች ዓመት አልፏታል። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በአንድ ገበታ ማብላት ምን ያህል ጭንቅ እንደ ሆነ የቤት እመቤት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች።

አክስታችን ሳህኑን ተቀብለው ጥሬውን መደብ ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ይሄን ማነው የሚሠራው?» አሉ።

«እዚያ የቆሙት ናቸው እትዬ። እርስዎ የሚወዱትን ብቻ ይጨምሩ» አለቻቸው ባለቤቴ።

«የምወደውንማ እጨምራለሁ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ እንዲገባ ማን ይነግራቸዋል?»

ሁላችንም ሳቅን። ልጄ ግን አልገባትም ነበርና «ለምን መጀመሪያ?» ብላ ጠየቀች። እናቷ መልስ ልትሰጣት ስትል ወረፋው ተንቀሳቀሰና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ምግቡ ሲመጣ ያየነው እንዲህ ነበር። የወንዱ ልጅ ሳህን የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ሽሪምፕና አናናስ ከአራት ዓይነት ሶስ ጋር ነበረበት። ሲመለስ ጣፋጭም ጨዋማም የሆነ መረቅ ውስጥ የሚዋኝ ነገር ሆኖ መጣ። የባለቤቴ ወንድም ስኳሩን ፈርቶ ሶስ ሳያደርግ ቀረና የተቀቀለ የሚመስል አትክልት በላ። የኔ ዶሮ ደርቆ፣ አብሮት የገባው ዝኩኒ ሟሙቶ ነበር። ከሁሉ የተሻለው የሴቷ ልጅ ነበር። እሷ የወሰደችው ሦስት ነገር ብቻ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቶፉ ከብዙ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ነበርና ጣዕሙ ተለይቶ ይታወቃል። ቀድሞ የመጣለት ቀድሞ በላ፤ የመጨረሻዋ ሳህኗን ይዛ ስትመለስ የመጀመሪያው ጨርሶ ሁለተኛ ዙር ለመሰለፍ ተነሥቶ ነበር። ሰባታችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበርን። ሰባታችንም በአንድ ጊዜ የጎረስንበት ደቂቃ ግን አልነበረም።

በቅድሚያ መልካሙን እንናገር፤ ፍርድ በአንድ ወገን ብቻ አይሰጥምና። እንዲህ ያለው ቤት የኛ ገበታ የማያደርገውን ያደርጋል። የኛ ገበታ ፍቅር ነው፣ ግን ግዳጅም አለበት። ስኳር ያለበት ሰው «በሞቴ፣ እኔን አፈር ስሆን» እየተባለ ሐኪም የከለከለውን ይጎርሳል። ልጅ የማይወደውን ሲተው ይቆጡታል። ወጡን ስታበስል የዋለችው እናት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ከጠገበ በኋላ የቀረውን ትቀምሳለች። በዚያ ቅዳሜ ግን ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ባለቤቴም እጇን ሳታቆሽሽ ከሁሉ እኩል ተቀምጣ በላች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዋጋውም ሰባት ሰው ያለውን ቤተሰብ የሚያስደነግጥ አይደለም። የአትክልቱ ትኩስነት፣ የመደቡ ንጽሕና የሚያስመሰግን ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉድለቱ እንግባ። ጉድለቱ በአክስታችን ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ «ምን» የሚለውን ሁሉ ለእናንተ ይሰጣል፤ «መቼ» የሚለውን ግን ለማንም አይሰጥም። የምግብ ሥራ ግን ከግማሽ በላይ «መቼ» ነው። ዶሮ ወጥ የሠራች ሁሉ ይህን ታውቃለች። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ብቻውን እስኪበስል ድረስ ረዥም ጊዜ ይቁላላል። በርበሬው ይገባና እሱም በተራው ይበስላል። ቅቤው የራሱ ሰዓት አለው፤ የታጠበውና የተዘጋጀው ዶሮ የራሱ ሰዓት አለው። መከለሻው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ መዓዛው በኖ ይጠፋል። እነዚሁኑ ነገሮች፣ በዚሁ መጠን፣ በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ ብትዘረግፏቸው የምታገኙት ዶሮ ወጥ አይደለም። ዕቃው አንድ ነው፣ ወጡ ግን ሌላ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

የቻይናም ጥብስ ቢሆን እንዲሁ ነው። ጥሩ የቻይና ወጥ ሠሪ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ቀድሞ ያስነካል፤ ሥጋውን በኃይለኛ እሳት ጠብሶ ያወጣል፤ አትክልቱን እንደ ጥንካሬው በየተራ ያስገባል፤ ሥጋውን መልሶ ሶሱን መጨረሻ ላይ ያፈሳል። ስኔልቪል ላይ ግን ሳህኑ ይገለበጥና ሁሉም እኩል ይጀምራል። ዝኩኒ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውኃ ነው፤ እንጉዳይና ጎመንም ከመቶ 90 እጅ በላይ ውኃ ናቸው። በዚያ ላይ ሁለት ጭልፋ ሶስ ከተጨመረ ብረቱ የቱንም ያህል ቢግል ሥጋው መጠበሱ ይቀርና መቀቀል ይጀምራል። ዶሮ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ደኅንነት መመሪያ እንደሚለው ውስጡ 165 ዲግሪ ፋረንሃይት ካልደረሰ አይበላም። ጠባሹ ዶሮው እስኪበስል ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ አብሮት የገባው ዝኩኒ አልቆለታል። ስለዚህ የኔ ሳህን የተበላሸው ጠባሹ ስለ ሰነፈ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይጣፍጡ ፈርዶባቸዋል።

ስለ ጠባሹ ካነሣን አይቀር ትንሽ እንጨምር። በየምግብ ቤቱ ጓዳ የሠራችሁ ወገኖች ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በዚያ ብረት ፊት የሚቆሙት ወጣቶች እጃቸው የተባ ነው። የስድስት ሰባት ሰው ምግብ ሳይቀላቀልባቸው፣ በዚያ ሙቀት፣ ለሰዓታት ያገላብጣሉ። ነገር ግን ጨው ያንሰዋል፣ ይህ ከዚህ ጋር አይሄድም ማለት አይችሉም። ሶሱ የበዛበት መሆኑን እያዩ ዝም ብለው ይጠብሳሉ። አንድ ሰው ወጥ ሠሪ የሚባለው እሳት ፊት ስለ ቆመ አይደለም። ቀምሶ ስለሚፈርድ ነው። እዚህ ቤት መፍረድ ተወስዶበት ሙቀቱ ብቻ ቀርቶለታል። ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ምርጫ ሲጠብስ ውሎ፣ ማታ ሲሄድ «ይህ የኔ ሥራ ነው» የሚለው አንድ ሳህን የለውም።

ተመጋቢውም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ወጥ ሲጣፍጥ «እጅሽ ይባረክ» ይባላል፤ ሲበላሽም የሚጠየቅ አለ። እዚያ ግን ማንን ታመሰግናላችሁ? ማንንስ ትወቅሳላችሁ? ወንዱ ልጄ ግማሹን ትቶ ሲነሣ «ምን ሆነ?» ብለው፣ ትከሻውን ነቅንቆ «እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለኝ። ቤቱ ከዚህ የሚያተርፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የጣዕሙን ኃላፊነት ከወጥ ቤቱ አውርዶ በተመጋቢው ትከሻ ላይ ይጭናል፣ ለዚያም ያስከፍለዋል። ምግብ ቤት የምንሄደው ከኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲያበስልልን ነበር። የማያውቀውን ሰው «አንተ ታውቃለህ» ማለት ማክበር ይመስላል እንጂ ማክበር አይደለም።

አንዳንድ አንባቢ «አንተ የምትለው እኮ የኛ ሰው መምረጥ አልለመደም ነው» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። የኛ ሰው መምረጥ ያውቃል። አዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት የገባ ሰው የተሰቀለውን በሬ አይቶ፣ ከሻኛው ይሁን፣ ከዳቢቱ ጨምር፣ ሽንጡ ይቅር እያለ በኪሎ ያስቆርጣል። ቁርጡን በጥሬው፣ የቀረውን በጥብስ ያዛል። ከዚህ የበለጠ ምርጫ የት አለ? ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚመርጠው ከመካከላቸው ሥጋ የሚያውቀው ነው፤ ሌሎቹ ለሱ ይለቁለታል፣ እሱም ሥጋው ጅማት ቢሆን ይታማበታል። ሁለተኛ፣ ምርጫው ለጠረጴዛው ነው። ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ ሲመጣ አንድ ሆኖ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን ይሰዳል። በያይነቱም እንደዚሁ ነው። ዐሥር ዓይነት ነገር አለበት፤ ነገር ግን ምስሩ ከጎመኑ፣ ሽሮው ከፎሶልያው እንዲስማማ አስቀድማ ያሰበች አንዲት ወጥ ሠሪ አለች። ብዛት በኛም ዘንድ አለ፤ ግን ብዛቱን የሚሰበስብ አንድ እጅ አለው።

ጤናን በተመለከተም መናገር የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች «አትክልት ነው፣ አይጎዳም» ብለው ይሄዳሉ። የሚጎዳው አትክልቱ አይደለም፣ ጭልፋው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም የሚደርስ ሶዲየም አለበት። የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ2,300 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። ሦስት ማንኪያ ያደረገ ሰው የቀኑን አልፏል፤ ሩዙንና ሥጋውን ገና አልቆጠርነውም። ጣፋጮቹ ሶሶች ደግሞ ስኳር አለባቸው። የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ወላጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ይህን ማወቅ የኛ ፋንታ ነው፤ እነሱ ሰሌዳውን አያነቡትምና።

ጾመኞችና ሐላል ጠያቂዎችም ልብ በሉ። ምጣዱ አንድ ነው። የእናንተ ጎመን የሚጠበሰው ቀድሞ የአሳማ ሥጋ በተጠበሰበት ብረት ላይ ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡም ሽሪምፕ እየተጠበሰ ነው። በብዙ እንዲህ ባሉ ቤቶች ከጠየቃችሁ በተለየ መጥበሻ ያበስሉላችኋል፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም። የባለቤቴ ወንድም ሚስት ጠይቃ ተለይቶ ተሠርቶላታል። በይሉኝታ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ጾሟን ትውል ነበር።

አሁን ይህ ሁሉ ስለ አንድ እራት ለምን ይጻፋል የሚል ይኖራል። የሚጻፈው ቤቱ ስኔልቪል ብቻ ስላልሆነ ነው። ብዙዎቻችን ቤታችንን እንደዚያው አድርገነዋል። አባት ከሥራ ሲገባ እንጀራውን ያሞቃል፤ ወንዱ ልጅ ፒዛ ያዝዛል፤ ሴቷ ልጅ ሰላጣዋን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፤ እናት ቆማ ትቀምሳለች። እያንዳንዱ የመረጠውን በልቷል፣ ማንም አልተራበም። ልጆቻችን መምረጥን ከኛ ይልቅ አሳምረው ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን የተከተፈውን፣ የታጠበውን፣ የተደረደረውን መምረጥ ነው። «ሽንኩርቱ ለምን መጀመሪያ ይገባል?» ብላ የጠየቀችው ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትወለድ ጀምሮ ዶሮ ወጥ በልታለች። ሲሠራ ግን ጓዳ ገብታ አላየችም፤ ወጡ ለሷ ሁልጊዜ የደረሰ ነገር ነበር። የእናቶቻችን ሙያ በመጽሐፍ አልተጻፈም፣ በእጅ ነው ያለው። መጠኑን ብትጠይቋቸው «ደህና አድርገሽ» ይላሉ፤ ሰዓቱን ብትጠይቋቸው «ሽታው ሲለወጥ» ይላሉ። ይህ በስልክ አይማሩትም። አጠገባቸው ቆሞ ማሽተት ያስፈልጋል፤ እነሱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ስለዚህ ወደዚያ ቤት አትሂዱ አልልም። ሂዱ፤ ነገር ግን ዐውቃችሁ ሂዱ። ሁሉን አትመኙ፤ አንድ ሥጋ፣ ሁለት ወይም ሦስት አትክልት፣ አንድ ሶስ ይበቃል። ከውኃማዎቹ አንዱን ብቻ ምረጡ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብዙ፣ ሶሱን ቀንሱ፤ ቢያንስ በኋላ ይጨመራል፣ ከበዛ ግን አይመለስም። ቢፈቀድላችሁ አትክልቱን በሌላ ሳህን ለዩና ጠባሹን «ሥጋውን አስቀድምልኝ» በሉት። ሰው እንደ ጠየቀው ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

ከዚያ ደግሞ ሳህኖቹ ሁሉ እስኪመጡ ታገሡ። የመጡትን መሐል ላይ አኑሯቸው፣ ተጨማሪ ባዶ ሳህን ጠይቁ፣ ሁሉም ከሁሉም ይቅመስ። በቋንቋችን ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብም፣ በአፍ የሚሰጠውም አንድ ስም ነው ያላቸው፣ ጉርሻ። የመጀመሪያውን አትርሱ፣ ጠባሹ ይገባዋልና። ሁለተኛውም አይቅር። እኛ ጠረጴዛ ላይ መጨረሻ አካባቢ አክስታችን ከሴቷ ልጅ ሳህን ቀምሰው «ይሄ የማነው? እጁ ይባረክ» አሉ። ልጅቱም ቀና ብላ «የኔ ነው» አለች። በዚያ ከሰዓት ለምግቡ ምስጋና የተቀበለ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አክስታችን ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት ሁለት ቅዳሜ ይቀራቸዋል። በአንደኛው ቅዳሜ ሽንኩርቱን የምትከትፈው ልጅቱ እንድትሆን ተስማምተናል፤ ወንዱም ማማሰያ ይይዛል። እናንተም በየቤታችሁ እንግዳ እናት ካላችሁ ጊዜው ሳያልፍ ልጆቹን ወደ ጓዳ አስገቧቸው። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። መልካም ገበታ።